15 ሜትር ወደ ሰሜን

ዓመት ጽፎ ዘመኑን የሚደብቅ ሰው ያናድደኛል። የሠርግ መጥሪያው፣ የኪራይ ውሉ፣ የሱቁ ደረሰኝ፣ ሁሉም «2016» ብሎ ዝም ይላል፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ፈጣሪና ጸሐፊው ይወቁት። በመጥሪያ ላይ ከሆነ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። በመቃብር ድንጋይ ላይ ሲሆን ማን ይጠየቃል? ባለቤቱ እንደሆነ አይናገር።

ይህ ቂም ሊበርድልኝ ሲል የእህቴ ልጅ ከውጭ አገር ደሴ ገባ። ይዞት የመጣው ጨዋታ ጂኦካሺንግ ይባላል። አንዱ ትንሽ ሣጥን ይደብቅና ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ይናገራል፤ ሌላው ፈልጎ ያገኝና ውስጡ ባለው መዝገብ ስሙን ጽፎ ሣጥኑን ወደነበረበት ይመልሳል። ወርቅ የለው፣ ብር የለው። የተጀመረው ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ሜይ 3 ቀን 2000። (ይኸው፣ ሁለቱንም መጻፍ ማንንም አልገደለም።) አሜሪካኖች በሳተላይቱ ምልክት ላይ ሆን ብለው ይጨምሩት የነበረውን ስሕተት ባነሡ ሰሞን ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሲፈልግ ይኖራል።

ከጨዋታው ዓይነቶች አንዱ እንቆቅልሽ ነው። ቁጥሩ በቀጥታ አይሰጥም። ይህን ደግሞ በአሮጌ መካነ መቃብር ሲሆን ይወዱታል፤ ሣጥኑን መቃብር ላይ ማስቀመጥ ነውር ስለሆነ ከአጥር ውጭ ያኖሩና ከየድንጋዩ ዓመት እየለቀምክ፣ እየደመርክ፣ እየቀነስክ እንድትደርስበት ያደርጋሉ።

«አጎቴ፣ ለደሴ እንዲህ ያለ ጉዞ ላዘጋጅ ነው» አለኝ። ከአይጠየፍ አዳራሽ ተነሥቶ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አልፎ፣ ኮምቦልቻ የሚያበቃ።

«ዓመቱን በየትኛው አቆጣጠር ልትል ነው?»

«ድንጋዩ ላይ ባለው ነዋ!»

እንቅልፍ ነሣኝ። ወረቀት አወጣሁ። በዚህ ጨዋታ ቦታ የሚነገረው በዲግሪና በደቂቃ ነው፤ ከደቂቃው ቀጥሎ ሦስት አሃዝ ይከተላል። የሰሜኑ ቁጥር የመጨረሻዋ አሃዝ በአንድ ስትጨምር መሬት ላይ 1.85 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትሄዳለህ። እንግዲህ የሟቹን ዓመት በዚህ ላይ ደምር ተባልክ እንበል። የእኛን ዘመን ትተህ የፈረንጁን ብታስገባ የ8 ዓመቱ ልዩነት 15 ሜትር ወደ ሰሜን ይወስድሃል። ለአገር ካርታ 15 ሜትር ምንም አይደለም፤ በመቃብር ግን የሌላ ሰው ቤተሰብ ነው። ይህም ሟቹ ከጥር እስከ ጳጉሜ ከሞተ ነው። ኅዳር ላይ ከሞተ ልዩነቱ 7 ስለሆነ 13 ሜትር ይበቃሃል። ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ የሞተ ሰውማ መጥቶ ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

አገሩ ወሎ ነውና በዚህ አያበቃም። የሂጅራውን ብታስገባ ከእኛው በ570 ያህል ስለሚያንስ ከኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ትወርዳለህ። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ለተጨናነቀች ከተማ ደግሞ ኪሎ ሜትር ማለት ወይ ዳገት ነው ወይ ገደል። ደግሞስ ስንቱ የሙስሊም መቃብር ራስጌና ግርጌው ድንጋይ ቆሞበት ምንም አልተጻፈበትም! «እሱን ምን ልታደርገው ነው?» ብለው «ዜሮ አስገባለታለኋ» አለኝ።

ጨዋታው አንድ ሕግ አለው፤ ስትፈልግ ሰው ሊያይህ አይገባም። ደሴ ላይ! ልንሞክረው ሄደን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ገና አንገታችንን ስናስገባ ዘበኛው ደረሰብን።

«የማን ዘመድ ናችሁ?»

«የማንም» አለ ልጁ።

«ታዲያ ምን ጠፋባችሁ?»

«ቁጥር።»

ዘበኛው ስልኩን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ። መሣሪያ ይዞ አሮጌ መቃብር የሚዞር ሰው በእኛ ዘንድ የሚፈልገው ጣልያን ቀብሮት የሄደውን ወርቅ ብቻ ነው። እስክንወጣ ከኋላችን አልተለየም፤ ድርሻውን እንዳናስቀርበት ይመስለኛል።

ልጁ ድንጋዩን አያነብም። አራተኛዋን አሃዝ አይቶ «8» ይልና ያልፋል። 8ቱ የ1928 ቢሆንስ? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው ተኮሱ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ተመታ። በዚያን ቀን ለሞተ ሰው 1928 ብቻ ቢጻፍለት የፈረንጅ ጎብኚ ከወረራው 7 ዓመት ቀድሞ በሰላም ያረፈ አድርጎ ያነበዋል። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ ጣልያንን ሰብረው ደሴ የገቡት ደቡብ አፍሪካውያን ግን ለሙታናቸው እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመ ኮሚሽን አላቸው፤ ለመኮንኑም ለተራ ወታደሩም ድንጋዩ እኩል ነው፤ እያንዳንዱ በረድፍ ቁጥር ተመዝግቧል። አብረዋቸው የተዋጉት የኛ አርበኞች በስንተኛው ረድፍ ናቸው?

እዚህ ላይ ንዴቴ ልጁን ትቶ ወደኛ ዞረ። እሱስ አንዲት አሃዝ አነበበ። እኛ ቀብር ሄደን ምን እናነባለን? ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ። በቅሬ፣ ማለትም በቀብር ዕድራችን፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፤ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ መመለስማ ከኦሪገን በፊት ጀምረነዋል! ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ የሚቆፍርበት የወሎ ቅሬ የምኮራበት ነገር ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ግን ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተን ስለ ጤፍ ዋጋ ነው የምናወራው። ባለገንዘቡ ለአባቱ እምነበረድ ያስነጥፋል፣ ፎቶ ያስለጥፋል፤ ከጎን ያለውን፣ ጠያቂ ዘመድ ያለቀበትን አሮጌ ድንጋይ ደግሞ ገልብጦ መረማመጃ ያደርገዋል። ጽሑፉን ወደ ታች! ይህ ዝንጋታ አይደለም፤ ድፍረት ነው። ሰውየው በዚህች ከተማ የቀረው ሁለት መስመር ጽሑፍ ነበር፤ እሷንም ጫማችን እንዳይጨቀይ አነጠፍናት። ከዚያ ወጥተን ስለ ታሪካችን እንደሰኩራለን።

ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ላይ መኪናው መጠማዘዝ ሲጀምር ሰው በሌላው መቃብር መናደዱን ይተውና ስለ ራሱ ማሰብ ይጀምራል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወለቀን፤ እኔም በረድኩ። በቃሉ ወረዳ ስላለው ስለ ገታ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1863 ያረፉት ሐጅ ቡሽራ የመሠረቱት ቦታ ነው፤ ሰው ከሩቅ አገር ለዚያራ ይመጣል።

«ያለ ጂፒኤስ እንዴት ያገኘዋል?»

«ይጠይቃል።»

ብዙ አሰበበት። «እንዲህማ ከሆነ ጨዋታው ይበላሻል» አለ።

አክስቴ ቤት ምሳ እየጠበቅን ሳለ አዲስ ሐሳብ መጣለት፤ ዓመቱን በቁጥር ትቶ በነገር ሊያደርገው። ለሙከራ «አጎቴ የተወለደው መቼ ነው?» አላት። «የአንበጣው ዓመት» አለች ሳታመነታ። ትልቋ አክስቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ በሞቴ! ከአንበጣው በኋላ ነው፤ ማሽላው የተረፈ ጊዜ» አለች። ትንሿ ደሴ ደውላ ምስክር ጠራች፤ ምስክሩ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት አመጣ። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ እንጀራውን መቁረስ ጀመረ። አንበጣው በባቲ በኩል መምጣቱ ላይ ግን ሦስቱም ተስማምተዋል።