ሳይጠይቁ የመመራመር ጥበብ

ወዳጄ ተመራቂ፤ ካባው ተለክቶ፣ የፎቶው ቀብድ ተከፍሎ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን እየገሰገሰ፣ አንተ ግን ገና ርእስ ሳትይዝ ቁጭ ብለህ ከሆነ አትደንግጥ። በአገራችን ለመመራመር ጥያቄ መያዝ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም የሚቸገረው ጥያቄ ያለው ተማሪ ነው፤ አማካሪውን ያደክማል፣ ጊዜው ያልፍበታል፣ ውጤቱም ከሌላው አይበልጥም። ስለዚህ ቀዳሚዎችህ በተግባር የፈተኑትን ጥበብ ልንገርህና ጆሮህን አውሰኝ።

ርእስ አይታሰብም፤ ይገጣጠማል። "የእንትን ተጽዕኖ በእንትን ላይ፦ የእንትን ቅርንጫፍ እንደ ማሳያ" የሚል የተዘጋጀ ቅርጽ አለልህ። የሥራ ተነሳሽነት፣ የደንበኛ እርካታ፣ የአመራር ዘይቤ ከሚሉት ሁለቱን መርጠህ ክፍት ቦታው ላይ ሰካ። ቅርንጫፉ ለሰፈርህ የቀረበ ቢሆን ይመረጣል፤ ለሳይንስ ተብሎ የታክሲ አይከፈልም።

መግቢያውን ከዓለም ጀምር። የምታጠናው አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ቢሆንም ዓለም በፍጥነት እየተለወጠች መሆኗን ሳትነግረን አትለፍ። ከዚያ ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ቅርንጫፉ ውረድ፤ ቁልቁለቱ ሦስት ገጽ ይሞላልሃል። የጥናቱን ክፍተት ለማሳየት ደግሞ "አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ በዚህ ርእስ የተሠራ ጥናት የለም" በል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ማንም ሐሰት ሊላት አይችልም። አጥኚው ምንም ስላላነበበ፣ እስከሚያውቀው ድረስ በእርግጥም የለም።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት የሚባለው ምዕራፍ ከማንበብ ጋር የተያያዘ ሊመስልህ ይችላል። አይደለም። የአምናውን ተመራቂ ሶፍት ኮፒ በፍላሽ ትቀበላለህ፤ እሱም ከካቻምናው ተቀብሎታል። "እገሌ በዚህ ዓመት እንዲህ አለ፤ እገሊት በዚያ ዓመት እንዲያ አለች" እያልክ ደርድር። ሁለቱ ይስማሙ ይጣሉ፣ አንተ ከማን ወገን እንደሆንክና ለምን እንደሆንክ የሚጠይቅህ የለም። በአንደኛ ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ስትማር ድምዳሜ ያለ ማስረጃ እንደማይቆም ተነግሮህ ነበር። ፈተናውን አልፈሃልና እርሳው። የታላላቅ ሰዎችን ስም ጠርቶ ማሳመን፣ ብዙ ሰው ስላለው ብቻ እውነት ነው ማለት፣ ከጥቂት ሰዎች ተነስቶ ስለ ሁሉም መደምደም፣ ያኔ እንደ ስሕተት ያስቆጠሩህ ሁሉ አሁን የጥናት ዘዴህ ናቸው። የቦታ ስም መቀየርን ግን አደራ። ስለ ባሕር ዳር ሆቴሎች የተጻፈ ጥናት መሐል ላይ ድንገት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢወጣ፣ ገምጋሚው ካነበበ ታፍራለህ። ካነበበ ነው ያልኩህ።

ናሙናን በተመለከተ፣ የታሮ ያማኔ ቀመር አለችልህ። ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣው መጽሐፉ ያገኟት መስሎህ እንዳትታለል፤ ሁሉም ያገኛት ከአምናው ሶፍት ኮፒ ነው። በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ካሰላሃት፣ የምታጠናው ሕዝብ 2,000 ቢሆን 333፣ 10,000 ቢሆን 385፣ 100,000 ቢሆን 398 ሰው ትሰጥሃለች። መቶ ሚሊዮን ብታደርገውም ከ400 አታልፍም። ታዲያ ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ነው የሚል መጽሐፍ ቢያጋጥምህ ገልብጠህ እለፍ። ግማሹን መጠይቅ የዶርም ጓደኞችህ፣ ግማሹን አንተ ራስህ እስክሪብቶ እየቀያየርክ ትሞሉታላችሁ። ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 የሰዎችን አመለካከት ለመለካት ያቀረበው "በጣም እስማማለሁ፣ በጣም አልስማማም" የሚለው መለኪያ፣ እዚህ አገር የአንድ ዶርም ልጆች ምን ያህል እንቅልፍ እንደመጣባቸው በትክክል ይለካል።

ከዚያ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚያውቅ ልጅ ፈልግ። ሠንጠረዡን ያወጣልሃል። ሠንጠረዡ "የተስማሙ፦ 62 በመቶ" ካለ፣ አንተ ከሥሩ "ከሠንጠረዡ መረዳት እንደሚቻለው 62 በመቶ የሚሆኑት ተስማምተዋል" ትላለህ። ይህ ትንተና ይባላል። ምክረ ሐሳቡማ ቀድሞ ሊጻፍ ይችላል፤ ግኝቱ ምንም ይሁን ምን "የሚመለከተው አካል ትኩረት እንዲሰጥና የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንዲያዘጋጅ" ከማለት አያልፍምና።

ይህ ሁሉ ከከበደህ፣ ከግቢው በር ስትወጣ የመብራት ምሰሶውን ተመልከት። "ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን" የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎልሃል። ከሽፋን እስከ አባሪ ያማክሩሃል። ምስጋናውን ግን ራስህ ጻፈው፤ በጥራዙ ውስጥ የራስህ የሆነ አንድ ገጽ ቢገኝ አይከፋም። ብር ካጠረህ ደግሞ ቻትጂፒቲ አለልህ፤ የምሰሶውን ሰዎች ገበያ እየዘጋ ነው። ካስፈለገም ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው፣ ከነዓመተ ምሕረቱ ይሰጥሃል፤ አንዱም ገምጋሚ ሄዶ አይፈልገውም።

በዲፌንስ ቀን ሙሉ ልብስህን ልበስ፣ ለገምጋሚዎቹ ውሃና ብስኩት አቅርብ። የኅዳጉ ስፋት ልክ መሆኑን፣ ፊደሉም ታይምስ ኒው ሮማን 12 መሆኑን በብርቱ ይመረምራሉ። "ይህን ለማወቅ ለምን ፈለግህ?" የሚል ደፋር ከተነሳ "ለአስተያየቱ አመሰግናለሁ፤ አስተካክላለሁ" ብለህ ጎንበስ በል።

ከዚህ ሥልጣኔ አንጻር የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤት እንዴት ኋላ ቀር ነው! ተማሪው ገና በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ሲጀምር የራሱን ቅኔ እንዲቆጥር ይታዘዛል። ብቻውን ተቀምጦ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩም፣ ይህ ነው የማይታመነው፣ እስከ መጨረሻው ይሰማዋል! ቃሉ ካልሰመረ ያርመዋል፣ ምሥጢሩ ካልገባ ይመልሰዋል። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ይዋረዳል። ጥራዝ የለ፣ ሠንጠረዥ የለ፣ ካባ የለ፤ ያለው የሚያስብ ተማሪና የሚያዳምጥ መምህር ብቻ።

ሽሙጡ ይብቃ። የዩኒቨርሲቲው ተመራቂ ሰነፍ ሆኖ አልተወለደም። ዓመታት ሙሉ የመምህሩን ማስታወሻ ቀድቶ ያንኑ በፈተና ሲመልስ "ጎበዝ" እየተባለ ኖሮ፣ በመጨረሻው ሴሚስተር በድንገት "አዲስ ነገር አግኝ" ተብሏል። መከራከርም ሆነ መመራመር በአንድ ሴሚስተር አይሠለጠንበትም። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ በየኮርሱ አንዲት ገጽ ይጻፍ፤ ገጿ አንድ ጥያቄ፣ አንድ አቋም፣ ማስረጃውንና ተቃዋሚው የሚለውን ትያዝ። መምህሩም አንብቦ፣ አርሞ፣ እንደገና እንዲጻፍ ይመልስ። አንድ መምህር አንብቦ ሊጨርሰው የማይችለውን ያህል ተማሪ እንዲያማክር የሚመድብ የትምህርት ክፍልም ማማከር ብሎ አይጥራው። በራስ ጥያቄ የተጻፈ አሥር ገጽ፣ ማንም ካልጠየቀው ሰማንያ ገጽ ይበልጣል።

ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ የለጠፈው ሰው የሚሸጠው፣ የሚያነብ እንደሌለ አውቆ ነው። ስለዚህ ተጠያቂ ሲፈለግ ከገዛው ተማሪ በፊት፣ ሳያነብ ኤ የሰጠው መምህር ይጠየቅ።