መሸኛ አምጪ

የዲላ ሰው ሌላ ክልል ለመግባት ስንቅ አይቋጥርም። ዲላ ያለችበት የጌዴኦ ዞን በሰሜን ከሲዳማ፣ በቀሩት ሦስት አቅጣጫዎች ከኦሮሚያ ይዋሰናል። ቡናውና እንሰቱ ድንበሩ የት እንደሆነ አያውቁም። ታማሚውም አያውቅ፤ ከኦሮሚያው ጉጂም ከሲዳማም ተነሥቶ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይመጣል፣ ካርድ ያወጣል፣ ይታከማል። ድንበሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው፣ ተመርቃ የወጣች ነርስ ማዶ ሄጄ ልሥራ ያለች ዕለት ነው።

የብቃት ምዘናው እንኳ ለአገሩ አንድ ነው፤ የሚያወጣው ጤና ሚኒስቴር። ዲላ የተፈተነችውም ባሕር ዳር የተፈተነውም ያንኑ ጥያቄ እያዩ ጥፍራቸውን በልተዋል። የሙያ ፈቃዱ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም በየክልሉ ነው።

ሰው ባይሄድ ደግሞ ክልሉ ይሄዳል። በቀድሞው ደቡብ ክልል ዘመን ፈቃድ ያወጣች የይርጋ ጨፌ ነርስ ጉዳይዋ ያለው ሐዋሳ ነበር፤ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር፣ ማልዶ ሄዶ ማታ ቤት መግባት። በ2012 ሲዳማ ክልል ሆነና ሐዋሳ የጎረቤት ሆነች። በ2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዲላ ከስድስቱ ማዕከላት አንዷ ብትባልም፣ የአስተዳደር መቀመጫው ወላይታ ሶዶ ሆነ። ከዲላ ወደ ሶዶ፣ ወደ ገዛ ክልሏ መቀመጫ ማለት ነው፣ ለመሄድ ሌላ ክልል ማቋረጥ ግድ ነው። ሴትዮዋ ከመርፌ ክፍሏ ንቅንቅ አላለችም። ፈቃዷ ላይ ማህተሙን የመታው ክልል ግን ዛሬ የለም።

ይህን ሁሉ ውል ጠንቅቆ የሚያውቀው ቢሮ ያለው ባለሙያ እንዳይመስላችሁ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ኮፒ ቤት የሚሠራው ልጅ ነው። ማዶ ልትሄድ ያሰበችው ነርስ ገና ክላሰሯን ስትከፍት «ወዴት ነው እህቴ? ሲዳማ ነው ኦሮሚያ?» ይላል። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያ፣ የብቃት ውጤት እያለ በጣቱ ይቆጥርላታል። «መሸኛስ?» የላትም። የመሸኛ መጠየቂያው ማመልከቻ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል፤ ስም ብቻ ነው የሚቀየረው። አንዴ ስሙን መቀየር ረስቶ፣ ማመልከቻው በአምናዋ ልጅ ስም ገብቶ፣ ተመርቶ፣ ማህተም ተመትቶበት ወጥቷል አሉ። ማን አንብቦት!

ሌላዋ ደግሞ እናቷ ዲግሪዋን ጭስ እንዳይነካው ብለው ላሚኔት አስደርገውላታል። ቢሮው «በላስቲክ ላይ ማህተም አይመታም» ብሎ መለሳት። የለበጠው ያው የኮፒ ቤቱ ልጅ ነበር፤ አሁን በምላጭ ጠርዙን እየፈለቀቀ ያወልቀዋል። ለማልበስ ተቀብሏል፣ ለማውለቅም ይቀበላል።

አሜሪካ ያለችው የአክስት ልጅ በስልክ ከንፈር ብትመጥ አትመኗት። እዚያም ፈተናው ኤንክሌክስ የሚሉት አንድ ነው፣ ፈቃዱ ግን የየስቴቱ። በአንዱ ስቴት ፈቃድ ሌላው ዘንድ መሥራት የሚያስችል ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2000 ተጀምሮ ዛሬ ከ40 በላይ ስቴቶች ገብተውበታል። ሐበሻ የከተመባቸው ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ ግን እስካሁን አልገቡም። ስለዚህ የሚኒያፖሊሷ ነርስ ወንዙን ተሻግራ ዊስኮንሲን ልሥራ ብትል እሷም ሌላ ፈቃድ ማውጣት አለባት። ልዩነቱ አብዛኛውን ነገር ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ መጨረሷ ነው፤ ኮፒ ቤት የሚባል መካሪም አላገኘችም።

የእኛዋ ግን ማመልከቻዋን ይዛ ኃላፊው ፊት ቀረበች። አነበበው፤ መነጽሩን አወለቀ።

«እንዴት ትሄጃለሽ? ነርስ እጥረት እኮ አለብን።»

«እንግዲያው ይቅጠሩኛ ጋሼ።»

«በጀት የለማ!»