ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር ስለ ቦክስ

የኳስ ክርክር ቢያንስ ውጤት አለው፤ ሁለት ለአንድ ከተባለ ሁለት ለአንድ ነው። የቦክስ ወዳጅ ግን አንጀቱ እስኪቃጠል የሚከራከረው ጨርሶ ባልተደረገ ግጥሚያ ነው። አሊና ታይሰን ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር? አሊ ለመጨረሻ ጊዜ ሪንግ ላይ ሲወጣ ታይሰን የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ይህ ግን እስከ ዛሬ ማንንም ዝም አላሰኘም።

የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ የታይሰን ሰው ነው። አንድ ቀን ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንዳደረገ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ትሬቨር በርቢክ አሊን ባሃማስ ላይ አላሸነፈውም?»

«አሸንፎታል» አልኩ፣ ራሴን ሳልነቀንቅ።

«ታይሰን በርቢክን በሁለተኛው ዙር አልዘረረውም?»

«ዘርሮታል።»

«በቃ እንግዲህ!» አለና ምላጩን በፎጣ ጠረገ። መዝገቡ ተዘጋ።

እ.ኤ.አ. በ1981 በርቢክ ያሸነፈው አሊ 40 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ከምናምን ነበር የቀረው። ታይሰን በ1986 በርቢክን ሲጥል ግን ገና 20 ዓመቱ ነው። ይህን ስነግረው «ዕድሜ ሰበብ ነው» አለኝ። ሰበብ የሚጠላው ታዲያ እስከ ቶኪዮ ድረስ ብቻ ነው። በ1990 አወራራጆች 42 ለ1 የሰጡት በስተር ዳግላስ ታይሰንን በ10ኛው ዙር መዘረሩን ካነሳችሁበት ሰበቡ አያልቅም፦ ልምምድ አልሠራም፣ ትዳሩ ፈርሶ ነበር፣ ዳግላስ በ8ኛው ዙር ሲወድቅ ዳኛው እየተጎተተ ነው የቆጠረለት።

በእሱ ስሌት ከሄድን እኮ የዓለም ቁንጮ ሊዮን ስፒንክስ ነው፤ በ1978 አሊን ሲያሸንፍ ከዚያ በፊት በፕሮፌሽናልነት የተጋጠመው 7 ጊዜ ብቻ ነበር። ይህን ብለው ጭራሽ ፊቱ በራ። «ታናሽ ወንድሙን ማይክልን ታይሰን በ91 ሰከንድ አልጣለውም?» ቤተሰቡ በሙሉ ምስክር ሆኖ ቀረበብኝ። አሊ በዚያው ዓመት ሊዮንን መልሶ እንዳሸነፈው ልናገር ስል ወደ ከንፈሬ አካባቢ ደርሶ ነበርና ዝም አልኩ።

ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ከስልኩ ቀና ብሎ «ሜይዌዘር፣ 50 ለ0!» አለ። 50ኛው እኮ በፕሮፌሽናል ቦክስ አንድም ግጥሚያ ያልነበረው ኮኖር ማክግሪገር ነው። 48ኛው ፓኪያዎ መሆኑ አይካድም፤ እሱንም ቢሆን ዓለም ዓመታት ከለመነ በኋላ በ2015 ነው የገጠመው።

ነገሩን ማሽን ይዳኘን ያሉም ነበሩ። በ1969 አሊና 49 ጊዜ ተጋጥሞ ሳይሸነፍ ጓንቱን የሰቀለው ሮኪ ማርሲያኖ ካሜራ ፊት ለይምሰል ተፋለሙ። ማርሲያኖ ለዚሁ ሲል ክብደት ቀንሶ፣ በራውን በሰው ሠራሽ ፀጉር ሸፍኖ ነበር (አስተካካያችን ከታሪኩ ሁሉ የወደደው ይህንን ነው)። አሸናፊውን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው ተባለ። አሜሪካ ውስጥ በታየው ፊልም ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ዘረረ፤ አውሮፓ ውስጥ በታየው አሊ አሸነፈ። ኮምፒውተር ተብዬውም የተመልካቹን ፊት አይቶ ፈረደ ማለት ነው።

የእኔ ፍርድ ለአሊ ነው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ፣ በ32 ዓመቱ፣ 40 ተጋጥሞ 40ውንም ያሸነፈውን የ25 ዓመቱን ጆርጅ ፎርማን በ8ኛው ዙር ዘርሮታል። ታይሰንም እንዲህ ያለ ሰው፣ በእንዲህ ያለ ጉልበቱ ላይ ሳለ ጥሏል የምትሉ ካላችሁ ስሙን ጥሩልኝ።