ገመናዎን በአደባባይ የመደበቅ ዘዴ

ፌስቡክ ላይ ገመናዎን ለመጠበቅ ከቆረጡ በመጀመሪያ ጠላትዎን ይለዩ። ጠላትዎ ኩባንያው አይደለም፤ አጭበርባሪውም አይደለም። ጠላትዎ የባልዎ እህት ናት። ስለዚህ እሷን ብሎክ ያድርጉ፣ ፕሮፋይልዎን ይቆልፉ፣ ከዚያም የመጣውን የጓደኝነት ጥያቄ ሁሉ እየተቀበሉ ፌስቡክ የሚፈቅደውን 5 ሺህ ይሙሉ። የተቆለፈውን የሚያዩት እነዚህ ብቻ ናቸውና ምስጢርዎ በአስተማማኝ እጅ ነው።

ቪዛ ሲመታልዎ ደግሞ ፓስፖርቱን ገልጠው ከትኬቱ ጋር ፎቶ ያንሱና «ተመስገን» ብለው ይለጥፉት። ጥንቃቄ አይለይዎት፦ ፊትዎን በአበባ ስቲከር ይሸፍኑ። ቡዳ የሚበላው ፊት እንጂ የፓስፖርት ቁጥር አይደለም። ትኬቱ ላይ ያለችው ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባት ኮድ ከስም ጋር ስትሆን በብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጽ የጉዞ መዝገብዎን ትከፍታለች፤ ስምዎ ደግሞ እዚያው ጎን ተጽፏል። ልጅዎ ሲመረቅም ሙሉ ስሙን፣ ክፍሉን፣ የትምህርት ቤቱን በርና የልደት ቀኑን አንድ ላይ ያውጡ። ለመሆኑ ልጁን ማን ጠየቀው? ሲያድግ የሚጠብቀው ገመና ሳይተርፍለት፣ ላይክ ለመሰብሰብ ሲባል ሕይወቱ እንደ ሸቀጥ ሲደረደር ዝም ማለት ነውር ነው። ይቅርታ፤ ወደ ምክራችን እንመለስ። ዩኒፎርሙ በደንብ ይታይ።

በየጊዜው የሚዞረውን «ፌስቡክ ፎቶዬን እንዲጠቀም አልፈቀድኩም» የሚል አዋጅም አይርሱ። ሼር አይደረግም፤ ኮፒ ፔስት ነው። ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲዞር የኖረው ቅጂ የሮም ስምምነትን ይጠቅሳል፤ የዘር ማጥፋትንና የጦር ወንጀልን የሚዳኘውን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ማለት ነው። ለሠርግ ፎቶ ከዚህ ያነሰ ሕግ አይመጥንም። አካውንቱን ሲከፍቱ ሳያነቡ «እስማማለሁ» ያሉትን ውል በግድግዳ ጽሑፍ ማፍረስ ይቻላልና። «ቢለጠፍ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ራሱ አይጎዳም፤ የለጠፈው ሰው ግን ጉዳዩን የጨረሰ ይመስለውና ሴቲንጉን ሳይከፍት ይኖራል።

«እኛ እኮ ተዋውቀን፣ ተጠያይቀን የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ገመና የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሰው የሚያውቀውን ሰው መፍራቱም ሞኝነት አይደለም፣ ሐሜት ትዳር አፍርሷል። ግን ሕመምዎን የሚያውቀው ጎረቤት አጥሚት ይዞ የሚመጣ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ሲያወራብዎ ቢያዙት የሚያፍር ሰው ነው። ይሉኝታ ይገታዋል። ስልክዎን ከአንድ ገጽ ለቅሞ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚለው ሰው ምን ይገታዋል? እኛ ግን የቆየ ፍርሃታችንን ይዘን በአዲስ በር ቆመናል፤ የሚያፍረውን አግደን የማያፍረውን አስገብተናል።

የመጨረሻው ጋሻ «የምደብቀው የለኝም» ነው። ይበሉት፤ ኩራት አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በወጣው የካምብሪጅ አናሊቲካ የፌስቡክ መረጃ ቅሌት፣ መረጃው የተሰበሰበበትን መጠይቅ የሞሉት 300 ሺህ ገደማ ሰዎች ነበሩ፤ መረጃቸው ሳይወሰድ አልቀረም የተባሉት ግን በፌስቡክ በራሱ ግምት እስከ 87 ሚሊዮን ደርሰዋል። የብዙዎቹ ጥፋት መጠይቁን የሞላ ጓደኛ መያዛቸው ነበር። ስለዚህ «በ60 ዓመትዎ ምን ይመስላሉ?» የሚለው አዲስ አፕ የስልክ ማውጫዎን ለማየት ሲጠይቅ ሳያመነቱ «ፍቀድ» የሚለውን ይጫኑ። የሐኪምዎም፣ የነፍስ አባትዎም፣ የቤት ሠራተኛዎም ቁጥር እዚያ ውስጥ አለ፤ እነሱም የሚደብቁት እንደሌላቸው እርስዎ ወስነውላቸዋል።