«ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ነው»

ኧረ የካርቡሬተር ነገር ስንቱን እንቻል! የሱቃችሁ ጄኔሬተር አልነሳ ብሎ መርካቶ ወርዳችሁ ጠይቁ እስኪ። ልጁ ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው፣ በስንት ዙር ነው የሚሠራው ብሎ አይጠይቅም። አሮጌውን ይቀበልና ከላስቲክ ያወጣውን አዲስ ደርቦበት የብሎን ቀዳዳዎቹን ያስተያያል። ገጠሙ? በቃ። «ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ነው።» ጉሮሮውን ገልብጦ ማየት የለም። የአንዱ 18 ሚሊሜትር፣ የሌላው 24 ቢሆን ማን ጉዳዬ ብሎ! ብዙዎቹ ላይ ቁጥር የሚባል ነገር ጭራሽ አልተጻፈም።

ደግሞ «ሰፋ ያለው ጉልበት ይጨምራል» ባዮች አሉ። ጎረቤቱም፣ ባጃጅ ነጂውም በዚህ ጉዳይ መሐንዲስ ነው። የ163 ሲሲ ጄኔሬተር እኮ 50 ኸርዝ ለመስጠት በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ተይዞ ነው የሚሠራው። ባለ አራት ምት ስለሆነ አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ነው፤ ቢበዛ በደቂቃ 245 ሊትር ገደማ። ልጨምር ቢልም የፍጥነት መቆጣጠሪያው አይለቀውም። ታዲያ ሰፊው ጉሮሮ ለማን ነው? ቤንዚኑ ከቋቱ ተስቦ የሚወጣው አየሩ ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ስለሚፈጥንና ግፊቱ ስለሚወርድ ነው። ያ ቦታ ከልኩ ሲሰፋ አየሩ ይዝላል፤ ቤንዚኑም በቅጡ ሳይበተን በጠብታ ይገባል። ገመዱን ስንስብ ክንዳችን ይገነጠላል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። የጠበበ እንደሆነ ደግሞ ፍሪጅ ሲሰካበት ይታፈናል።

የከፍታውን ነገርማ የሚያነሳም የለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ ተመጥኖ የመጣ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ቤንዚኑን የምትመጥነውን ቀዳዳ በጠበበች መቀየር ነበር። የሚመጣው ምክር ግን «አየር አንሶት ነው፣ ሰፊ እንግጠምለት» ነው። ገበያው በጠፋበት የሱቅ በር ማስፋት! መቂ ላይ ሽንኩርት ሲያጠጣ የከረመ ፓምፕ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ቢያጨስ «ሞተሩ አልቋል» ተብሎ ፋሻው ይቀየራል፤ ጭሱ ግን ያው ጭስ።

መካኒኩም ራሱን ዘንበል አድርጎ ድምፁን እያዳመጠ ብሎኗን ሩብ ዙር ያጠብቃል፣ ሩብ ዙር ያላላል፤ ከዚያ ቾኩን ግማሽ ላይ ይተውና «ትንሽ ሲሠራ ይለቀዋል» ብሎ ሒሳቡን ይቀበላል። አለቀቀውም ብለን ወደ ሻጩ ስንመለስ «ቤንዚን የነካው ዕቃ አይመለስም» ይለናል። እና ቤንዚን ሳይነካው በምን ይሞከር?