ኮምፒውተርዎን ለማስተኛት የሚረዳ ቅን ምክር

መሥሪያ ቤቶች «ሲስተም የለም» የሚባል ታላቅ በረከት አላቸው። ባለጉዳዩ ነገ ሊመጣ ይሄዳል፣ ሠራተኛው ሻዩን ይጠጣል፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ግን ሥራው ሲሰለቸው የሚያሳብብበት የለውም። የዛሬው ምክሬ ለእሱ ነው፤ በተለይም የቆየ መጽሐፍ ወይም የመዝገብ ጥራዝ ስካን አስደርጎ፣ ምስሉን በስክሪኑ አንድ ወገን ገልጦ፣ በሌላው ወገን ጽሑፉን ለሚተይብ። ቴክስት ኤዲተሩ ኢማክስ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነው። ኢማክስ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲገነባ የኖረ ፕሮግራም ነው፤ ሁሉንም ነገር እንዲያደርግ ሊያዙት ይችላሉ፣ ማዝገምንም ጨምሮ።

ከስካኑ ይጀምሩ። ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ልጅ «በስንት ላንሳው?» ብላ ስትጠይቅዎ ሳያመነቱ «በከፍተኛው፣ በከለር» ይበሉ። ገጹ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር የተተየበ መሆኑ አያሳስብዎ፤ ግርጌ ላይ ላለችው ሐምራዊ ማኅተም ክብር ሲባል መላው ገጽ በቀለም መነሳት አለበት። አንድ ኤ4 ገጽ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ሲነሳ 4,960 በ7,016 ፒክስል ይሆናል፤ ወደ 35 ሚሊዮን ነጥብ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ስለሚፈልግ፣ ገጹ ራም ላይ ሲያርፍ 104 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ያው ገጽ በ300 ዲፒአይ፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ ቢነሳ ሳይጨመቅ እንኳ ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም ነበር። እንዲህ ባለ ቁጥብነት ግን ማን ሻይ ይጠጣል?

ተጠራጣሪው አንባቢ «የእኔ ፋይል እኮ 3 ሜጋባይት ብቻ ነው» ይለኝ ይሆናል። አይስጉ። ጄፔግ የታጠፈ ጋቢ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ ሊለብሱት ሲፈልጉ ግን መዘርጋቱ አይቀርም። ፋይሉ ዲስክ ላይ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ምስሉ እንዲታይ ነጥቦቹ በሙሉ መፈታት አለባቸው። የተለመደው ስክሪን 1,920 በ1,080 ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ትንሽ ያልፋል። እንግዲህ ኮምፒውተርዎ 35 ሚሊዮን ነጥብ ፈትቶ፣ አሳንሶ፣ 33 ሚሊዮኑን ማንም ሳያየው ይጥለዋል። ገጹን በግማሽ ስክሪን ብቻ ካሳዩት ደግሞ ብክነቱ ይብሳል፤ ይህንን አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለት መቶ ገጾችን በዚህ መጠን አንድ ላይ ዘርግተው ቢይዙ 20 ጊጋባይት ያልፋሉ። ራሙ 8 ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕ የተረፈውን ወደ ዲስክ ማመላለስ ይጀምራል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ እርስዎም ጀበናውን ለመጣድ በቂ ጊዜ ያገኛሉ።

ወደ ኢማክስ እንምጣ። ይህ ፕሮግራም ምስል ሲፈታ ሌላ ሥራ አይሠራም፤ ፈትቶ እስኪጨርስ አንዲት ፊደል እንኳ አይቀበልዎትም። ይህን ጠባዩን ይጠቀሙበት፤ ምስሎቹን ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ፣ በጽሑፉ መሃል ይደርድሩለት። በጽሑፍ መሃል የገባን ምስል እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ቁመቱ ከመስኮቱ የሚበልጥ ገጽ ለእሱ አንድ መስመር ብቻ ነው። በቆዩት እትሞች የማውሱን ጎማ ትንሽ ባሽከረከሩ ቁጥር ከገጹ አናት ዘሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል፤ መሃሉ ላይ ያለውን አንቀጽ ለማየት ጸሎት ያስፈልጋል። በ2023 የወጣው 29ኛው እትም ነጥብ በነጥብ የሚያንሸራትት መንገድ አምጥቷል፤ ስለዚህ አያሻሽሉት።

ኢማክስ በዝምታ የሚያደርጋቸው ደግነቶችም አሉ፤ አንድ በአንድ ያጥፏቸው። ለአምስት ደቂቃ ያልታየ ምስልን ከራም ያስወጣል። አይልቀቀው፤ ያየውን ሁሉ ይያዝ። ከፍሬሙ (ከመላው የኢማክስ መስኮት) ወርድና ቁመት ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነ ምስል አላሳይም ይላል። ገደቡን ያንሱለት። ዶክ-ቪው የሚባለው ክፍሉ የፒዲኤፍ ገጾችን ወደ ምስል ሲቀይር በ100 ዲፒአይ ይወሰናል፤ እርስዎ 600 ያድርጉትና የሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ይክፈቱ። ከ10 ሚሊዮን ባይት የበለጠ ፋይል ሲያገኝም «ፋይሉ ትልቅ ነው፣ በእርግጥ ልክፈተው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ለጨዋነት ነው እንጂ መልስ ፈልጎ አይደለም፤ ሁልጊዜ «አዎ» ይበሉ።

ይህ ሁሉ ካልበቃዎት ምስሉን በቤዝ64 ወደ ፊደል ቀይረው ጽሑፉ ውስጥ ይክተቱት። ሦስቱ ባይት አራት ፊደል ይሆናል፣ ፋይሉ በሲሶ ያብጣል፣ መጨረሻ የሌለው አንድ መስመርም ያገኛሉ። እንዲህ ያለ መስመር ላይ የቆየ ኢማክስ ሲደነዝዝ ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው።

ከመጥፎ ጓደኛ ይጠንቀቁ። አንዱ መጥቶ ፒዲኤፍ-ቱልስ ይጫን ይልዎታል። ይህ መሣሪያ የሚታየውን ገጽ ብቻ፣ በመስኮቱ ስፋት ልክ፣ ያውም ከኢማክስ ውጭ በሚሮጥ ሌላ ፕሮግራም አሠርቶ ያመጣል፤ ማሳበቢያ አይተውልዎትም። ሌላው ደግሞ ለእያንዳንዱ ገጽ በስክሪኑ ልክ የተቀነሰ ቅጂ አስቀድመህ አዘጋጅ፣ ትልቁን የምትከፍተው ፊደል ሲጠፋህ ብቻ ነው ይላል። ሦስተኛው ምስሉን በአግድም ቆራርጠህ አስገባው፣ እንደ ጽሑፍ መስመር ይንሸራተታል ይላል፤ ኢማክስ ለዚህ የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው። አራተኛው ያን ሉካንና ሌዎን ቦቱ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኤቲ ኤንድ ቲ ቤተ ሙከራ በ1990ዎቹ የሠሩትን ደጃቩ ያነሳል፤ ፊደሉን ከወረቀቱ መደብ ለይቶ፣ ፊደሉን በጥራት፣ መደቡን በቁጠባ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት። እነዚህን ሰዎች ከሰሙ ሥራዎ በጊዜ ያልቃል።

ቁጠባም የራሱ ቀልድ አለው፤ ይህን ለሚቸኩሉት ነው የምነግራቸው። በ2013 ዳቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የአንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች ስካን ቁጥር እንደሚለውጥ አጋለጠ። የቤት ፕላን ላይ 21.11 ካሬ ሜትር የነበረው ክፍል ስካኑ ላይ 14.13 ሆኖ ወጣ፤ የጎረቤቱ ክፍል ቁጥር ተተክቶ። መጨመቂያው ዘዴ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን እንደ አንድ ቆጥሮ፣ አንዱን በሌላው ቦታ ይለጥፍ ነበር። ኩባንያው ማስተካከያ አውጥቷል። «በ» እና «ቡ» በአንዲት ጭረት በሚለዩበት ፊደል ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ ተረት አይደለም፤ መጨመቂያ ሲመርጡ ፊደል የማይለውጠውን ይምረጡ።

ብራና ከሆነ ደግሞ ቀልዱ ይቅር። በግእዝ ብራናዎች የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መነሻም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ በጥቁርና ነጭ ብቻ ካነሱት ቀዩ ከጥቁሩ አይለይም፣ የደበዘዘውም ጭራሽ ይጠፋል። እሱን በከለርና በከፍተኛ ጥራት ያንሱ፣ ዋናውን በሁለት ዲስክ ያስቀምጡ፣ ለመተየቢያ ግን በስክሪንዎ ልክ የተቀነሰውን ቅጂ ይክፈቱ። ትንሹ ቅጂ ቢጠፋ ከትልቁ እንደገና ይወጣል፤ ከትንሹ ግን ትልቁ አይወጣም። ስለዚህ ዲስክ ሞላ ብለው ዋናውን እንዳይሰርዙ አደራ።