ቅቤ ያስፈቀዱ ሰዎች

ጠረጴዛዬ ላይ 24 ትንንሽ በሮች ያሉት የካርቶን ቤት ቆሟል። ጀርመኖች ከዲሴምበር 1 ጀምረው በቀን አንድ በር እየከፈቱ ከውስጡ አንዲት ቁራጭ ቸኮሌት አውጥተው ይበላሉ፤ በሩ ሲያልቅ ገና ደረሰ ማለት ነው። ቤቱን የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ከልቧ ነው የሰጠችኝ። ግን ዲሴምበር 1 ማለት ኅዳር 22 ነው፤ የነቢያት ፆም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ቸኮሌቱ ደግሞ ወተት አለበት።

በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ሃምቡርግ ወተት የማይገባበት ነገር ካለ ውኃና ቢራ ነው። ከማሸጊያ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ጀርመንኛዬ ተሻሽሏል፤ የወተት ዱቄት፣ የወተት ስብ፣ የወተት ስኳር የሚሉትን ያጠናሁት «እንዴት አደሩ» ማለትን በቅጡ ሳልለምድ ነው።

ሴትዮዋ በየጠዋቱ ትመጣለች። «ዛሬ ምን ወጣልህ?» ኮከብ። «ትናንትስ?» ደወል። በሩን ከፍቼ ቅርጹን አይና መልሼ እዘጋዋለሁ፤ ለፍስኩ ይቆየኛል። «እንዴት ነው?» ስትለኝ «ቆንጆ ነው» እላታለሁ። ቆንጆነቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ውሸት የለበትም።

ታዲያ «እየፆምኩ ነው» አትላትም? ብዬ አይቻለሁ፣ ለሌላ ሰው። እፆማለሁ ያልኩ እንደሆነ ፊታቸው ይለወጣል፤ ሐኪም ያውቃል ወይ ይሉኛል፣ ማን አስገደደህ ይሉኛል። አጠገቤ የሚቀመጠው ወጣት ተመራማሪ «ቪጋን ነኝ» ሲል ግን የአጃ ወተት በሩጫ ይመጣለታል። ሁለታችንም እኮ ያንኑ ሽምብራ ነው የምንበላው! እሱ ዓለምን እያዳነ ይበላል፤ እኔ ሰው እያሳዘንኩ።

ይህ ሲከነክነኝ የእነሱን ፆም ፍለጋ ገባሁ። አገኘሁትም። ጀርመኖችም ከገና በፊት ያሉትን ሳምንታት ይፆሙ ነበር፤ ቅቤም ወተትም አይነኩም። ዛሬ ስኳር ተነስንሶበት በየሱቁ የሚደረደረው ሽቶለን የሚሉት የገና ዳቦ ያኔ ከዱቄት፣ ከእርሾ፣ ከውኃና ከዘይት የሚጋገር ድርቅ ያለ የፆም ዳቦ ነበር። ወይራ በማይበቅልበት አገር ደግሞ ደህና ዘይት ከየት ይመጣል? ታዲያ የሳክሶኒ መኳንንት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለሮም ጻፉ። አባታችን ሆይ፣ ቅቤ ይፈቀድልን ብለው። እ.ኤ.አ. በ1491 የሮማው ፓፓ ኢኖሰንት 8ኛ ፈቀዱ፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። በነጻ ግን አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ እየከፈሉ ነው።

አስቡት እንግዲህ። የእኛ ነገሥታት ወደ እስክንድርያ ወርቅና እጅ መንሻ የጫኑት ጳጳስ ይላክልን ብለው ነው፤ ስለ ቅቤ ትንፍሽ ያለ አልሰማሁም። ዘይቱ ባይጥመን ሱፍ ፈጭተን ፍትፍት አደረግነው፣ ተልባ በጠበጥን፣ ስልጆ አበጀን። ሳክሶኖቹ አንድ ስልጆ ማሰብ አቅቷቸው ሮም ድረስ መልእክተኛ ላኩ! ማርቲን ሉተር በ1520 ሲጽፍ ይህችን የቅቤ ንግድ ሳይተቻት አላለፈም። ውሎ አድሮ ፆሙ ሄደ፤ ቅቤው ተደላድሎ ተቀመጠ። ዛሬ የድሬስደን ሽቶለን ጋጋሪዎች ቅቤ አሳንሰው ቢገኙ ነው የሚያስጠይቃቸው።

ቀን ማስቆጠሩ ደግሞ የዚችው የሃምቡርግ ሥራ ነው። ቪኸርን የሚባል የሃይማኖት ሰው የችግረኛ ልጆች ማሳደጊያ ነበረው። ልጆቹ በየቀኑ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ቢያስቸግሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1839 የጋሪ ጎማ ላይ ሻማ ደርድሮ በቀን በቀን አንድ ይለኩስላቸው ጀመር። የእኔዋም ባልደረባ «የእናንተ ገና መቼ ነው?» ማለት አላቆመችም፤ ታኅሣሥ 29 ስላት «አይ፣ ዘገየ» ትላለች። ከምኑ ነው የዘገየው?

በዚህ መሀል የምሠራበት የትምህርት ክፍል የገና ግብዣ መጣ። እኔ የአማርኛ ቋንቋ ረዳት ነኝ። ሥራዬ ተማሪዎቹ «ጸ»ን ከ«ሰ» እስኪለዩ ድረስ ጮክ ብዬ ማንበብ ነው። ዲሴምበር ሲገባ ግን ከረዳትነት ወደ ቅርስነት እዛወራለሁ። «የገና ምግባችሁ ምንድን ነው?» ዶሮ ወጥ። «ግሩም! ለ14 ትሠራልናለህ፣ ለናሙና ያህል።» 14 ማለት ታኅሣሥ 5 ነው!

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ለናሙና? እናቴ ዓይኗ እስኪጠፋ ሽንኩርት የምታቁላላው ለናሙና ነው? ያ ወጥ እኮ ፆም አልፎ፣ ሌሊቱ በቅዳሴ ነግቶ የሚቀርብ ነው፤ ጣዕሙ ግማሹ ከጥበቃው ነው። እነሱ ፆሙን እንደ በሽታ ያዩና ፍስኩን ለትርዒት ይጠሩታል። የሙያ አባቴ አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄደው ጀርመናዊውን ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ፤ ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። እኚያን መነኩሴ፣ ለጎታው መስፍን ግብዣ አንድ ዶሮ ይሥሩልን ያላቸው ሰው አልነበረም ብዬ መማል እችላለሁ። እኔም ውሌን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሽንኩርት የሚል አንቀጽ የለውም።

ሠራሁ እንግዲህ፣ ምን ይደረግ። ገበያው ውስጥ የተደረደረው ደረትና ጭን ብቻ ነው፤ 12 ብልት ቢሉት የሚገባው የለም። ጨው ላይ ስደርስ ደግሞ የሚቀምስልኝ ሰው ጠፋ። አገር ቤት ቢሆን «ና እስቲ ቅመስልኝ» የሚባል ሕፃን ከጓዳ አይጠፋም። ወጣቱን ተመራማሪ ጠራሁት። ለካ እሱም አይቀምስም። ድስቱን ከበን ተያየን። በሕይወቴ ከአንድ ጀርመን ጋር እንደዚያ ተግባብቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ጸሐፊያችን ቀመሱልን። በርበሬው ዓይናቸውን አስለቀሰው፤ ጨው አነሰው አሉ። ከዚያ የባየርን ልጅ መሆናቸውን፣ ሴት አያታቸው የገና ዋዜማ ሥጋ አያስነኩም እንደነበር አጫወቱኝ። «ይህ እስከ መቼ ነው የሚፆመው?» አሉኝ። እስከ ገና ዋዜማ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐኪም አላነሡም።

የእኔ ገና ሲደርስ የከተማው ዛፍ ሁሉ መንገድ ዳር ተጥሎ ቆሻሻ መኪና ይጠብቃል፤ እኔም ጠዋት ክፍል እገባለሁ። ማታ የምሠራት ዶሮ አለች፤ የጀርመን ቅቤ ገዝቼ አነጥራለሁ፣ ኮሰረቱ ከአዲስ አበባ በሰው ይመጣል። እናቴ ግን በዚህ ትበሳጫለች። «ቅቤው ራሱ ለምን አይላክልህም?» አለችኝ በስልክ። ወተትና የወተት ነገር ከውጭ በሻንጣ ማስገባት የአውሮፓ ኅብረት ከልክሏል፣ የቅቤው ፈቃድ ከሮም ወደ ብራስልስ ዞሯል አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ለማን ነው የሚጻፈው?» አለች። ማመልከቻ አይቸግራትም፤ ቀበሌ ያሉት ሁሉ በዚሁ ነው የሚያውቋት።